ከሰውየው በፊት ወንበሩ ይጣራ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ በባለሥልጣናት የሥራ ታሪክ ላይ የሚጠናቀሩ ጽሑፎችን ይመለከታል

በሐዋሳ በመብትና በከተማ አገልግሎት ጉዳይ የሚንቀሳቀሱ ወጣቶች የአንድን የክፍለ ከተማ ኃላፊ ወይም የምክር ቤት አባል የሥራ ታሪክ አጠናቅረው ለሕዝብ ማውጣት እየለመዱ መጥተዋል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊም ሆነ የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ደንግጓል። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። አብዛኛው ጽሑፍ ከወሬ ይነሳና ወሬውን የሚደግፍ ወረቀት ፍለጋ ይገባል። ከዚያ ኃላፊው አንዲት የተሳሳተች ቀን ነቅሶ ያወጣና «ያኔ እዚያ ወንበር ላይ አልነበርኩም» ይላል። እውነት ተናግሯል። በትክክለኛ ሰነድ የተደገፈው ቀሪው ሁሉ ከዚያች ቀን ጋር አብሮ ገደል ይገባል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስለዚህ ከማንኛውም ሥራ በፊት የወንበር ሠንጠረዥ ይዘጋጅ። አምስት ዓምድ ይበቃዋል፤ የሥራ መደቡ፣ መሥሪያ ቤቱ በወቅቱ ይጠራበት የነበረው ስም፣ የተሾመበት ቀን፣ የለቀቀበት ቀን፣ ይህን የሚያሳየው ሰነድ። አምስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር ለጊዜው እንደሌለ ይቆጠር። ሰውየው በውክልና ወይም በተጠባባቂነት የሠራበት ጊዜ ከሹመቱ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይጻፍ። የቦርድ አባልነትም አይረሳ፤ የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ቦርድ ላይ የተቀመጠ ሰው የፈረመው ነገር በመደበኛ መሥሪያ ቤቱ ማኅደር ውስጥ አይገኝም።

ሐዋሳ ላይ ይህ ሠንጠረዥ ከሌላው ከተማ ይልቅ ይከብዳል። ሲዳማ በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ድምፁን ሰጥቶ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ክልል ሆኗል። ከዚያ በፊት ከተማዋ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። ያ ክልል ደግሞ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ከውስጡ ወጥቶ፣ በነሐሴ 2015 ቀሪው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፍሏል። ስለዚህ ዛሬ ሐዋሳ ላይ ኃላፊ የሆነ ሰው በ2009 በቀድሞው ክልል ቢሮ ውስጥ ከሠራ፣ የዚያን ጊዜ ፋይሉ እዚሁ ከተማ ላይኖር ይችላል፤ እንደ ቢሮው ወላይታ ሶዶ፣ ሆሳዕና ወይም ቦንጋ ድረስ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዚያን ጊዜ አዋጅና ደንብም በደቡብ ነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ነው። በቀድሞው ክልል ደንብ የተፈጸመን ነገር ዛሬ ሲዳማ ባወጣው ሕግ መዝኖ «ሕግ ጣሰ» ማለት በየጽሑፉ የሚታይ ስህተት ነው። ስህተቱን ለማየት ደግሞ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

ምርጫም ላይ እንዲሁ ነው። በሀገሪቱ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ሲሆን በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዝሟል። በሰኔ 2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ ለከተማ ምክር ቤት ድምፅ የተሰጠው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ስለዚህ ከ2005 በኋላ ወደ ሐዋሳ ምክር ቤት ለገባ ሰው በዚያ በ2013ቱ ምርጫ ያገኘውን ድምፅ መፈለግ ድካም ነው፤ መጠየቅ ያለበት በምን ውሳኔ፣ በማን ምትክ እንደገባ የሚያሳየው ቃለ ጉባኤ ነው። የክልል ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ግን በ2013 ተወዳድረዋል፤ የእነሱ የምርጫ ክልልና ውጤት ከምርጫ ቦርድ ይገኛል።

ቀን ሲነሳ በጀት ዓመቱ አብሮ ይነሳ። የ2013 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2012 ነው፤ የሚያልቀውም ሰኔ 30 ቀን 2013። አንድ ኃላፊ መስከረም 2013 ላይ ተሹሞ «የ2013 በጀት» የሚል ግዥ ቢቀርብበት፣ ግዥው ሐምሌ ወይም ነሐሴ 2012 ላይ ተፈጽሞ ከሆነ ያ የእሱ ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረው ኃላፊ ሥራ ነው። በዓለም ባንክ ወይም በሌላ አበዳሪ ገንዘብ የሚሠራ የከተማ ፕሮጀክት ሰነድ ደግሞ በፈረንጅ ቀን ይመጣል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ «2013» ብቻ ተጽፎ የተተወ ነገር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ይወልዳል።

ስም ፍለጋም የራሱ ጣጣ አለው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፤ ፀጋዬ፣ ጸጋዬ፤ ዓለሙ፣ አለሙ፤ ሁሉም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ኮምፒዩተር ግን ሦስትና አራት ሰው አድርጎ ያያቸዋል። ከተማዋ ራሷ በድሮ ሰነድ አዋሳ ናት፣ በአዲሱ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ። በሲዳምኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ ጥላሁን የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ልማድ በ«ቲ» ሲጀመር በሲዳምኛው አጻጻፍ በ«ኤክስ» ይጀመራል። ስለዚህ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት የስሙ መልኮች በሙሉ በዝርዝር ይያዙ። በተቃራኒው ደግሞ ሁለት ሰው አንድ እንዳይሆን የአያት ስም ግድ ነው። በአባት ስም ብቻ «እሱ ነው» ተብሎ የተጻፈ የፍርድ ቤት መዝገብ የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ መመለሻ የለውም።

አንድ ሌላ የማይታወቅ ነገር፦ የቆዩ የነጋሪት ጋዜጣና የሪፖርት ፋይሎች ብዙዎቹ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ በተባሉ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ናቸው። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይመስላሉ፤ ፒዲኤፉ ውስጥ ስም ሲፈለግ ግን ምንም አይመጣም፣ ምክንያቱም ከሥር ያለው ኮድ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ዛሬ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ኮድ፣ አይደለም። ስካን የሆነው ደግሞ ሥዕል ነው። «ፈልገን አጣን» ከማለት በፊት ገጽ በገጽ በዓይን መነበብ አለበት። አሰልቺ ነው፤ አማራጭ ግን የለም።

ከሁሉ በላይ ብዙ የሚናገረው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚነበብ ዘርዘር ላድርገው። ከላይ ቀኝ ቁጥርና ቀን አለ። ቁጥሩ በወጪ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስለሆነ ደብዳቤው እውነተኛ ስለመሆኑ ዋናው መፈተሻ እሱ ነው፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አልወጣም ማለት ነው። ከታች ቲተር (የስምና የኃላፊነት ማኅተም) እና ፊርማ አለ። ቲተሩ የኃላፊው ሆኖ ፊርማው የምክትሉ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የዚያው ሰው ፊርማ ያለበት ሌላ ሰነድ ጎን ለጎን ሳይታይ «እገሌ ፈረመ» አይባል። ከሁሉም ታች «ግልባጭ» ይላል፤ እዚያ ላይ የተዘረዘሩት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ቅጂው አላቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት «ሰነዱ የለም» ካለ ወደ ፋይናንስ ወይም ወደ ክፍለ ከተማው መሄድ ነው። በእጅ የተጻፈው ምሪት፣ ማለትም ደብዳቤው ለሚመለከተው ክፍል የተመራበት ማስታወሻ፣ ደግሞ ደብዳቤው ማን ጠረጴዛ ላይ በየትኛው ቀን እንደደረሰ ያሳያል፤ ኃላፊው «አላየሁትም» ሲል መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ግን ይኸው ምሪት ቅጂው ከየትኛው ክፍል እንደወጣ ያሳብቃል። አንድ ሠራተኛ አምኖ የሰጠው ቅጂ እንዳለ ፎቶ ተነስቶ ከተለጠፈ ሠራተኛው በማግሥቱ ይታወቃል። እንዲህ ዓይነት ቅጂ ለማወቂያ ብቻ ይዋል፤ ለማሳተም ራሱ ሰነዱ በይፋ ይጠየቅ።

በይፋ መጠየቅ ይቻላል። የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1238 ሲተካ የመረጃ ነጻነት ክፍሉ ጸንቶ ቀጥሏል። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ለጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ጥያቄው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይግባ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ይመለስ። ያቺ ማኅተም የሌለችበት ጥያቄ እንዳልቀረበ ነው፤ 30 ቀኑም የሚቆጠርበት መነሻ የለውም። መልስ ከጠፋ ወይም ከተከለከለ አቤቱታው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ዕንባ ጠባቂ ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም።

ጥያቄዎቹ የሚወድቁት በአብዛኛው ስለሚሰፉ ነው። «ስለ መንገድ ሥራው መረጃ ይሰጠን» ለሚል ደብዳቤ የሚመለሰው ብሮሹር ነው። ሰነዱ በስሙ ይጠራ። ለምሳሌ በታቦር ክፍለ ከተማ ለተሠራ የኮብልስቶን መንገድ፦ የጨረታ ማስታወቂያው፣ የግምገማው ቃለ ጉባኤ፣ ውሉ፣ የተጨማሪ ሥራ ትዕዛዝ፣ የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤ፣ የክፍያ ሰርተፍኬቶች፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ርክክብ ሰነድ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ብቻ ይሰጣሉ ቢባል የተጨማሪ ሥራ ትዕዛዙንና የመጨረሻውን ርክክብ እመርጣለሁ። ውሉ ሲፈረም ሁሉም ነገር ያምራል፤ ዋጋው የሚያብጠው በተጨማሪ ሥራ ነው፣ ያልተሠራ ነገር እንደተሠራ የሚጸድቀውም በርክክብ ነው። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ከፊሉ የሚከለከል ከሆነ ያ ተሸፍኖ ቀሪው ይሰጠን፣ የተከለከለበትም ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልን» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ።

የመሬት ጉዳይ ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ የሚሰጠው በጨረታ ወይም በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ በካቢኔ ውሳኔ፣ ነው። ለኃላፊ ሥራ ታሪክ የሚጠቅመው ምደባው ነው፤ ጨረታ ላይ ኃላፊው የመወሰን ዕድሉ ጠባብ ነው። የካቢኔ ሰነድ ከሚከለከሉት ውስጥ ስለሚመደብ ቃለ ጉባኤውን ከመጠየቅ ውሳኔው ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ የተላለፈበትን ደብዳቤ መጠየቅ ይሻላል። ካቢኔ የወሰነውንም «እገሌ ሰጠ» ብሎ መጻፍ ልክ አይደለም፤ ካቢኔ ወሰነ፣ እገሌ በዚያ ቀን አባል ነበር፣ ይኸው ነው።

በጀት ላይ የፀደቀ፣ የተስተካከለ እና ሥራ ላይ የዋለ የሚሉት ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። የፀደቀውን ከሌላ ዓመት ሥራ ላይ ከዋለው ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ዝርዝሩ በሂሳብ መደብ፣ ማለትም በወጪው ዓይነት መለያ ቁጥር፣ ሲጠየቅ ሥራው ይቀላል፤ 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ውሎ አበል።

የኦዲት ሪፖርት በተለይ በጥንቃቄ ይነበብ። የከተማው ሂሳብ የሚመረመረው በክልሉ ዋና ኦዲተር እንጂ በፌዴራሉ አይደለም። ሪፖርቱ ላይ «ያልተወራረደ» ማለት ተሰረቀ ማለት አይደለም። ገንዘቡ ወጥቶ ደረሰኙ ገና አልተመለሰም ማለት ነው። «ደጋፊ ማስረጃ ያልቀረበበት» ከዚያ ይከብዳል፤ «ከግዥ ሥርዓት ውጭ የተፈጸመ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥፋት ነው፣ ዕቃው ተገዝቶ በቦታው ሊገኝ ይችላል። ሦስቱንም «ተመዘበረ» ብሎ አንድ ቁጥር አድርጎ መደመር፣ እንዲያው ልናገረውና፣ ኦዲተሩን ራሱን ምስክር አድርጎ በኦዲተሩ ላይ መዋሸት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ላይ ደግሞ ያው ግኝት ተስተካክሏል ወይስ አልተስተካከለም የሚለው ይታይ። አንድ ግኝት ሦስት ዓመት ሳይነካ ከቆየ ስለ ኃላፊው ብዙ ይናገራል። እርግጥ ነው፣ ሦስቱም ዓመት በወንበሩ ላይ ከነበረ።

ሀብት ምዝገባን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የፌዴራል ነው። የክልል ተሿሚ በክልሉ ሕግ፣ በክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በኩል ነው የሚታየው። ደብዳቤውን ወደ ፌዴራሉ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። የተመዘገበ ሀብት መኖሩ ብቻውን ክስ አይደለም፤ የሚጠቅመው ሁለት የተለያዩ ዓመታት ምዝገባ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው።

ፍርድ ቤት ላይ መዝገብ ቁጥሩ ይያዝ፤ ተከሰሰ፣ ክሱ ተቋረጠ፣ ነጻ ተባለ፣ ተፈረደበት፣ በይግባኝ ተሻረ የሚሉት ሁሉ የተለያዩ ናቸው። የመጨረሻው ካልታወቀ የመጀመሪያው አይጻፍ።

ከጽሑፉ ውጭ መሆን ያለበትም አለ። የኃላፊው መኖሪያ፣ ስልክ፣ ልጆቹ የሚማሩበት ቦታ፣ ሕመሙ፣ ብሔሩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ይታወቃል፤ ሕጉ ባይኖርም እነዚህ ስለ ሥራው የሚሉት ነገር የለም። ሐዋሳ ላይ «የማን ልጅ ነው» የሚል አንድ መስመር የገባበት ጽሑፍ ደግሞ ያለቀለት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ኮብልስቶኑ የሚያነብ ሰው አይኖርም፤ ክርክሩ በሙሉ ወደዚያች መስመር ይሄዳል። ኃላፊውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከየትኛው ሰነድ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደተወሰደ በዳር ይጻፍበት። ሰነድ የሌለው ይሰረዝ፣ አለዚያም አስተያየት መሆኑ በግልጽ ይነገር። ግኝቱ ለኃላፊው በጽሑፍ ይላክለት፤ አሥር የሥራ ቀን ይበቃዋል። መልሱ ሳይቆራረጥ አብሮ ይውጣ፤ ካልመለሰም አለመመለሱና የተላከበት ቀን ይጻፍ። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ይኸው አዋጅ ግን የመረጃውን እውነተኛነት ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ያደረገን ሰው ነጻ ያደርጋል። ማኅተም ያረፈበት የጥያቄ ቅጂ፣ የገጽ ቁጥር ያለበት ረቂቅ፣ ለኃላፊው የተላከው ደብዳቤ፤ የጥረቱ ማስረጃ እነዚህ ናቸው፣ ሌላ የለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613ም ስለ ስም ማጥፋት ይናገራል።

የከተማው ኮሙኒኬሽን በፌስቡክ የሚያወጣው ነገርም ሰነድ ነው፤ ነገር ግን ይታረማል፣ ይጠፋል። ልጥፉ ከነሙሉ አድራሻው፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በወጣበት ዕለት ይቀመጥ። ተቆርጦ የተነሳ የስልክ ፎቶ «ኤዲት ነው» ሲባል የሚመልሰው የለውም።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። በገጾቻችሁ የሚወጡት የጨረታ፣ የጨረታ መሰረዣና የሊዝ ማስታወቂያዎች ጨረታው መቼ እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ እንደተራዘመና በማን ስም እንደተጠራ የሚያሳዩ ሰነዶች ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ፋይሉን ቢደብቅ እንኳ ማስታወቂያው ወጥቷል። የቆዩ እትሞችን ለማየት ሐዋሳ ያለ ሰው አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ድረስ መሄድ አለበት። ቢያንስ የማስታወቂያ ገጾቹን ከ2005 ጀምሮ ስካን አድርጋችሁ በክልልና በከተማ ለይታችሁ በድረ ገጻችሁ ብታስቀምጡ፣ ወይም ሐዋሳ ያለው ወኪላችሁ ጥራዞቹን በሳምንት አንድ ቀን እንዲያስነብብ ብታደርጉ፣ የወንበሩ ሠንጠረዥ አምስተኛ ዓምድ ግማሹ ይሞላ ነበር።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የሐዋሳ አንባቢ